«አጥፋው» ያለኝ ድምፅ

ይሄን የምጽፍላችሁ እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም። ስለሆነ ነው።

ከሰው የሰማሁት አይደለም። ከሌላ ቦታ የቀዳሁትም አይደለም። በራሴና በእናቴ ላይ የደረሰ ነው። እናቴ በሕይወት አለች፣ ብትጠየቅም አትክድም።

ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። እኩለ ሌሊት አልነበረም። ውሻ አላላዘነም፣ ጉጉትም አልጮኸችም። እንደዚያ ዓይነት ታሪክ የምትጠብቁ ካላችሁ ከአሁኑ ይቅርታ።

ጉም ብቻ ነበር።

ከተማችን ተራራ ሥር ነች። ዝናብ በሚበዛባቸው ወራት ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከላይ ይወርድና በራችሁ ላይ ቆማችሁ የጎረቤታችሁን በር አታዩትም። ለምደነዋል። ልጆች እንኳን ውስጡ ኳስ ይጫወታሉ።

ቦታው ጋራዥ ነው። የከተማው ጫፍ ላይ፣ ወደ ተራራው የሚወጣው መንገድ የሚጀምርበት ጋ። ጣራው ቆርቆሮ፣ ወለሉ በተቃጠለ ዘይት የጠቆረ። ግድግዳው ሦስት ብቻ ነው። አራተኛው በኩል ክፍት ነው፣ መኪና የሚገባው በዚያ ነው።

እዚያ የሄድነው ለትንሽ ሥራ ነበር። የአሮጌ መኪና የጉም መብራት ለማስቀየር።

መኪናዋ የወንድሜ ናት። ፎርዊል ነች፣ በዕድሜ እኔን የምትበልጥ። ወንድሜ «ግትሯ» ይላታል። ጠዋት በብርድ አልነሳም ትላለች፣ ከተነሳች ደግሞ የሚያቆማት የለም። መኪናው ጭቃ ውስጥ የተቀረቀረበት ሰው ሁሉ የሚደውለው ለወንድሜ ነበር።

«ይላታል» አልኩ እንዴ? ይላት ነበር ማለቴ ነው።

ቤታችን ውስጥ ይቺ «ነበር» የምትባል ቃል ስንት ጊዜ እንዳጣላችን አትጠይቁኝ። እናቴ ፊት ስለ ወንድሜ «ነበር» ማለት ክልክል ነው። «ጎበዝ ሹፌር ነበር» ካላችኋት፣ «አሁንስ?» ብላ ታፈጥባችኋለች።

ወንድሜ ከአምስት ወር በፊት ተራራው ላይ ጠፋ።

መኪናዋ መንገድ ዳር ቆማ ተገኘች። ሞተሯ ይሠራል። የሹፌሩ በር ክፍት ነው። ከሁለቱ የጉም መብራቶች አንዱ በርቷል፣ እሱም ደክሞ። ጃኬቱ ወንበሩ ላይ አለ።

እሱ ግን የለም...

ገደሉ ተፈተሸ። ጫካው ተፈተሸ። ገመድ ታስሮ የወረደ ሰው ሁሉ ባዶ እጁን ተመለሰ። በመጨረሻ ሰዎቹ እጃችንን እየጨበጡ ወደየሥራቸው ሄዱ።

እናቴ ግን የራሷ ማብራሪያ ነበራት።

«ወርዶ መንገዱን ሊያይ ሄደ» ትላለች። «ሲመለስ መኪናዋን አጣት። ያ መብራት መብራት ነው? ደህና መብራት ካደረግንላት አይቷት ይመጣል።»

ይመጣል። ከአምስት ወር በኋላ።

ስለዚህ ልቅሶ አልተቀመጥንም። ጎረቤት ሊያጽናናን ሲመጣ እናቴ በሩ ላይ ቆማ «ማን ሞቶ?» ትላለች። ሰውም እየፈራ መምጣት ተወ።

እኔ ደግሞ ደነዘዝኩ።

ሌላ ቃል የለኝም። የምሠራው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ወረቀት አስገባለሁ፣ ወረቀት አወጣለሁ። ሰው ሲቀልድ ዘግይቼ እስቃለሁ። አንድ ቀን እጄ ላይ ሻይ ተደፍቶ መቃጠሌን ያወቅሁት ማታ ቆዳው ሲላጥ ነው። ለወንድሜ አንዲት ጠብታ እንባ አልወጣችኝም። ማልቀስ እንደተከለከለ ዓይኔም የሰማ ይመስለኛል።

የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። እናቴ አንድ ጊዜ «ልጄ ሞቷል» እንድትል። እሷ ካለች እኔም አለቅሳለሁ ብዬ ነው።

በመብራቱ የተስማማሁትም ለዚሁ ነው። መብራቱን እንቀይራለን፣ ተራራው ላይ እንወጣለን፣ እናበራለን፣ ማንም አይመጣም። በዓይኗ አይታ ቁርጧን ትወቅ ብዬ ነው።

ከመቀጠሌ በፊት ስለ ወንድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ።

እኔ ሴት ነኝ። ወንድሜ ግን ከሕፃንነቴ ጀምሮ በወንድ ነው የሚጠራኝ። «አንተ»፣ «ና»፣ «ብላ»፣ «የት ሄደህ ነው?» ማቆላመጡ ነው። እናቴ «ልጅቷን ወንድ አደረግካት» እያለች ትቆጣዋለች፣ እሱ አይሰማም። ከእሱ ሌላ እንደዚያ የሚጠራኝ ሰው የለም።

እሺ። ወደ ጋራዡ።

የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪውን «በራው» ይሉታል። መብራት ስለሚሠራ መስሎኝ ነበር። ኮፍያውን ሲያወልቅ ነው የገባኝ፤ ከግንባሩ እስከ መሃል አናቱ አንድ ፀጉር የለም።

እናቴ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠች። በራው ከፊት ፓራውልቱ ሥር ተንበርክኮ ከፋብሪካ አብረዋት የመጡትን መብራቶች መፍታት ጀመረ።

ብሎኖቹ ዝገው እምቢ አሉ። ዘይት ጨመረባቸው፣ ጠበቀ፣ ተሳደበ፣ እንደገና ጠበቀ። በመጨረሻ አንዱን በመጋዝ ቆረጠው።

የወጣው መብራት ቢጫ ሆኗል። ውስጡ ውሃ ይንቦጫቦጫል።

«ይሄ መብራት ነው?» አለ ወደ ላይ አንስቶ እያየው። «ሻማ ይሻላል እኮ! ይሄን ይዞ ተራራ የሚወጣው የትኛው ደፋር ነው?»

እናቴ ፊቷን አዞረች። እሱም የሆነ ነገር ገባው መሰለኝ፣ ወደ ሥራው ተመለሰ።

አዲሶቹን አሰረ። የድሮው ሽቦ በስብሷል ብሎ አዲስ ሽቦ ዘረጋ፣ ማብሪያ ማጥፊያውንም መሪው ሥር ገጠመልኝ።

«አንቺ ግቢና ያዢው» አለኝ። «አብሪ ስልሽ ታበሪያለሽ፣ አጥፊ ስልሽ ታጠፊያለሽ። እኔ ከፊት ሆኜ አቅጣጫውን አስተካክላለሁ።»

«ለምን እንዲህ መሬት መሬት ያያል?»

«የጉም መብራት ነዋ! ከፍ ካደረግሽው ጉሙ ብርሃኑን መልሶ ዓይንሽ ላይ ይደፋዋል። ዝቅ ሲል ግን ከሥር ሹልክ ብሎ ይገባል። የሰው ፊት አያሳይሽም። እግር ነው የሚያሳይሽ።»

ገብቼ ተቀመጥኩ።

«አብሪ!»

አበራሁ።

«በራ!»

ጎን ያሉት መካኒኮች ይሄን ሲጠብቁ ነው የቆዩት። «እናውቃለን፣ ኮፍያህን አድርግ!» ብለው ጮኹ። ጋራዡ በሳቅ ሞላ። እኔም ዘግየት ብዬ ሳቅኩ።

«አጥፊ!»

አጠፋሁ።

«ጠፋ!»

እንዲህ እያልን ቆየን። አብሪ፣ በራ፣ አጥፊ፣ ጠፋ። ትንሽ ሲቆይ እጅ ብቻውን ይሠራዋል፣ ጭንቅላት አያስፈልግም። ለእኔ የሚስማማ ሥራ ነበር።

በመሃል መካኒኮቹ ሻይ ሊጠጡ ወጡ። ጉሙ በክፍቱ በኩል ገባ። መጀመሪያ የመግቢያው ምሰሶ ጠፋ። ከዚያ በራው ጠፋ። ከዚያ የግትሯ አፍንጫ ራሱ አልታይ አለኝ።



«አብራ።»

አበራሁ።

«በራ...»

ድምፁ ራቅ ያለ ነበር። ቀዝቀዝ ያለም ነበር። ጉም ድምፅ ያፍናል ብዬ አለፍኩት።

«አጥፋው።»

አጠፋሁ።

«ጠፋ...»

ይቺን «ጠፋ» ያላት ረጋ ብሎ ነው። ስለ መብራቱ የሚናገር አይመስልም። ስለ ሰው የሚናገር ነው የሚመስለው።

እጄን ማብሪያው ላይ አድርጌ ቀጣዩን ጠበቅኩ።

የጎኔ መስኮት ተንኳኳ።

በራው ነው። የመጣው ከመኪናው ኋላ ነው። ካቻቢቴ ይዟል።

«ይቅርታ፣ ካቻቢቴዬ ጠፍቶብኝ ጓዳ ገብቼ ነበር» አለ። ከዚያ ወደ ፊት አየ፣ ወደ እኔ አየ። «ቆይ... አንቺን አብሪ ያለሽ ማነው?»

ከፊት ማንም የለም።

ያኔ ነው የገባኝ።

«አጥፋው» ነው ያለኝ። «አጥፊው» አይደለም።

ልቤ መደንገጥ ነበረበት። አልደነገጠም። የሰማሁትን ሰማሁ፣ አለቀ። እጄ ብቻ ማብሪያው ላይ ቀረ።

ዞር ስል እናቴ ከጎማው ላይ ተነስታለች። ፊቷን ወደ ክፍቱ በኩል አድርጋ ቆማለች። ቦርሳዋ መሬት ወድቋል፣ አላነሳችውም። መጥታ ጋቢናውን ከፍታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ንጂ» አለችኝ በሹክሹክታ።

«እማ... ሰውዬው አልጨረሰም።»

«ሰምተሻል። እኔም ሰምቻለሁ። ንጂ።»

ነዳሁ።

በራው «ብሎኑ አልጠበቀም! ወልቆ ይወድቅባችኋል!» እያለ ከኋላችን ጉም ውስጥ ቀረ።

የተራራውን መንገድ ያወቅሁት ወንድሜ መንዳት ሲያስተምረኝ ነው። ሁልጊዜ የጭነት መኪና ይበዛበታል። ያን ቀን ግን አንድም መኪና አልመጣብንም። ክላክስም አልሰማንም።

አዲሱ መብራት በጣም ጥሩ ነው። ይሄን ሳልናገር ባልፍ በራውን እበድለዋለሁ። አስፋልቱን፣ ነጩን መስመር፣ ዳር ዳር ያለውን ሣር ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ከጉልበት በላይ ግን ምንም የለም። ነጭ ነው።

እናቴ ስለ ቤት ታወራለች።

«ሽንኩርት አልቋል።»

«እሺ።»

«የጓዳውን መስኮት ዘግተሻል?»

«ዘግቻለሁ።»

ከዚያ ወደ ኋላ ዞረች። እጇን ዘርግታ የኋለኛውን በር መቆለፊያ ወደ ላይ ሳበችው። ቀጭ አለ።

«ለምን ከፈትሽው?»

«ዝም ብለሽ ንጂ።»

መኪናዋ የተገኘችበት ቦታ መታጠፊያ ላይ ነው፣ መንገዱ ሰፋ የሚልበት ጋ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሄጄ አላውቅም። ግን አወቅሁት። አቆምኩ፣ ሞተሩን አላጠፋሁም።

«እማ...»

«እ?»

«ትንሽ እንጠብቅ። ማንም ካልመጣ ግን... ትይዋለሽ።»

«ምኑን?»

«መሞቱን።»

ለረጅም ጊዜ አየችኝ። አምስት ወር ሙሉ ይሄን ቃል በፊቷ ያወጣሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ትመታኛለች ብዬ ነበር።

«እሺ» አለች።

ጠበቅን።

ሞተሩ ያጉረመርማል። መብራቱ መንገዱ ላይ ተኝቷል። ጉሙ ሲንቀሳቀስ ብርሃኑ ጫፍ ላይ የሆነ ነገር ይመጣል፣ ይሄዳል። ሣር ነው። ድንጋይ ነው...

ሁለት ድንጋይ...

ድንጋይ አልነበሩም።

እግር ነው።

ባዶ እግር። ጣቶቹን ወደ እኛ አዙሮ፣ ብርሃኑ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ቆሟል። ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ጉም ነው። ቆዳው ውሃ ውስጥ እንደቆየ ነጥቶ ተጨማዷል። አይንቀሳቀስም።

የቀኝ እግሩ ትንሿ ጣት ከጎኗ ያለችው ላይ ወጥታለች። የእናቴም እንደዚያ ናት። የእኔም።

«እማ...» አልኩ። 

በሩን ከፍታለች።

«እማ! አትውረጂ!»

«ዝም በይ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ታስደነግጪዋለሽ።»

ወረደች። ትንሽ ጊዜ ጠፋችብኝ፣ ከዚያ ጥቁር ጫማዋ ብርሃኑ ውስጥ ገባ። ቀስ ብላ፣ እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን እንዳይነቃባት ስትራመድ እንደምታደርገው። ሄዳ ሄዳ ፊት ለፊቱ ቆመች። የጫማዋ አፍንጫ ከጣቶቹ ጋር ሊነካካ ምንም አልቀረው።

ተረከዟ ከመሬት ተነሳ።

ወንድሜ ረጅም ነው። ልትስመው ስትል ሁልጊዜ በጣቶቿ ትቆማለች።

ብዙ ቆየች እንደዚያ...

መውጣት ነበረብኝ። ሮጬ መጎተት፣ መጮህ፣ የሆነ ነገር ማድረግ ነበረብኝ። ምንም አላደረግኩም። ወንድሜ ቆሞልኝ፣ እናቴ አቅፋው፣ እኔ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ እግር አያለሁ። ያን ጊዜ ራሴን ጠላሁት።

የእናቴ ተረከዝ ወደ መሬት ወረደ።

ከኋላቸው፣ ብርሃኑ ጠርዝ ላይ፣ ሌላ እግር ቆሟል።

ጫማ አለው። ቦት ጫማ ነው፣ አፉ የተከፈተ። ቅድም አልነበረም።

ከጎኑ ደግሞ የሴት እግር። ከእሱ ቀጥሎ ትንንሽ... የልጅ። ከግራም መጡ። ከቀኝም መጡ። ጫማ ያላቸው፣ የሌላቸው፣ አንድ ጫማ ብቻ ያላቸው። የሚራመዱ አይመስሉም፤ ጉሙ ሲያልፍ ቆመው ይገኛሉ። ሁሉም ጣታቸውን ወደ መብራቱ አዙረዋል።

ለእሱ ያበራነውን ሁሉም አይተውታል።

ቦት ጫማው ከእናቴ ተረከዝ ኋላ ሆነ...

«አጥፋው።»

ድምፁ ከፊት አልመጣም። ጆሮዬ ሥር ነው። ከልጅነቴ የማውቀው፣ ሲጣደፍ የሚያወጣው ድምፅ።

«አጥፋው! ቶሎ በል!»

አጠፋሁ።

ሁሉም ነገር ግራጫ ሆነ። እናቴ የለችም። መንገድ የለም። ሞተሩ ብቻ አለ። ከፊት ለፊት ብዙ እግር አስፋልት ላይ ሲንከላወስ ሰማሁ... ግራ ተጋብቶ መንገድ እንደሚፈልግ ሰው። ከዚያ እሱም ቆመ።

የኋለኛው በር ተከፈተ።

ግትሯ ከኋላ ዝቅ አለች። ከሥሯ ባሌስትራዋ ሲጥ አለ። ሰው ሲጫንባት የምታሰማው ድምፅ ነው።

በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ።

ከዚያ ጋቢናው ተከፈተና እናቴ ገባች። ሻርፕዋ ከጉሙ ርሷል።

«ንጂ» አለች። «ሳታበሪ።»

«ሳላበራ እንዴት...»

«ሳታበሪ አልኩሽ!»

አዙሬ ነዳሁ። እሷ አንገቷን በመስኮት አውጥታ የመንገዱን ጠርዝ እያየች «ቀኝ... ግራ... ትንሽ ግራ...» ትለኛለች። በሰው እርምጃ ነው የወረድነው። መታጠፊያው ላይ ሁሉ ባሌስትራው ይጮኻል። መስታወቱን አላየሁም። አንድ ጊዜ እንኳን አላየሁም።

መሃል መንገድ ላይ እግሯን አየሁት። ባዶ ነው።

«ጫማሽስ?»

«ሰጠሁት» አለች። «በባዶ እግሩ ነው እኮ የቆመው። አይበቃውም ግን...»

ቤት ደርሰን መኪናዋን ግቢ ውስጥ አቆምኩ። እናቴ ወረደች። የኋላውን በር አልከፈተችም። ወደ ኋላም አላየችም። በባዶ እግሯ ወጥታ የጎረቤታችንን በር አንኳኳች። ሴትየዋ ስትከፍት፣

«ልጄ ሞቷል» አለቻት።

አምስት ወር የጠበቅሁት ቃል። እኔ አጥሩን ይዤ ቆሜ ሰማሁት።

ምንም አልተሰማኝም።

በማግስቱ ሰው መጣ። ቤቱ ሞላ፣ አግዳሚ ወንበር ከየጎረቤቱ ተለቀመ። ሰው ሁሉ ያለቅሳል። ለካ ስንት ሰው ይወደው ኖሯል። ወንድሜ አንድ ጊዜ ከገደል ያወጣው የጭነት መኪና ሹፌር እንደ ሕፃን አለቀሰ። እናቴ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ በመስኮቱ ግቢውን ታያለች። እኔም ዓይኔ ደረቅ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ በራው መጣ። ወንድሜን አያውቀውም፤ ወደ ከተማችን የመጣው እሱ ከጠፋ በኋላ ነው፣ ፎቶውንም አላየም። ኮፍያውን አውልቆ እጅ ነስቶ ገባ። ትንሽ ተቀመጠ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

«እህቴ፣ ብሎኑን አጥብቄላችኋለሁ። ሐሳብ እንዳይገባችሁ።»

«አመሰግናለሁ።»

አልሄደም። ኮፍያውን በእጁ ያዟዙራል።

«ግን... ከኋላ የተቀመጠውን ሰውዬ ለምን አታስገቡትም? ብርድ ነው እኮ።»

ቀና ብዬ አየሁት።

«ባናግረው አይመልስም። የሴት ጫማ ነው ያደረገው፣ ተረከዙ ውጭ ቀርቷል...» ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አደረገ። «ዘመድ ነው?»

«ዘመድ ነው» አልኩ።

ራሱን ነቀነቀና ሄዶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ።

ወደ እናቴ ዞርኩ። የሰማሁትን በጆሮዋ ነገርኳት። ዓይኗን ከመስኮቱ አላነሳችም።

«ተዪው» አለችኝ በሹክሹክታ። «እሱ ገና አልተረዳም።»

«ምን?»

«መርዶውን አልሰማማ! እዚያ ይሄን ሁሉ ጊዜ መኪናውን ሲፈልግ ነው የቆየው። መንገድ የጠፋበት ነው የሚመስለው።» በአገጯ ወደ ግቢው ጠቆመች። «ማን ያርዳው? እኔ አፌን አቃተኝ። ልቅሶውን ሰምቶ ይረዳ።»

ይሄን ብላ ተነፈሰች። ከዚያ አፏን ከፈተች።

እናቴ እንደዚያ ስታለቅስ ሰምቼ አላውቅም። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ ወደ ግቢው፣ በስሙ እየጠራችው። ልጄ ሞተ፣ ልጄ ቀረ፣ ልጄ አይመለስም እያለች። ሰው ሁሉ ተከተላት። ቤቱ ተናወጠ።

እኔም አለቀስኩ። ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ዓይኔ ፈረሰ። ወንድሜ ሞቷል አልኩ። ጮክ ብዬ አልኩት። አመመኝ። አምስት ወር ሙሉ ምንም ያላመመኝ ሁሉ አንድ ላይ አመመኝ።

በእንባዬ መሃል መስኮቱን አየሁ።

ጉም ወርዷል። ግትሯ ግቢው መሃል ቆማለች።

ሰው ሲወርድላት እንደምታደርገው ከኋላዋ ቀስ ብላ ቀና አለች።

በሩ አልተከፈተም።

እናቴ ማልቀሷን አቆመች። ፊቷን በመዳፏ ጠረገች፣ ሻርፕዋን አስተካከለች። ከዚያ በክርኗ ጎኔን ነካ አደረገችኝ።

«ጠጋ በይለት» አለችኝ።

ጠጋ አልኩ።